የሩቅያ ቡቃያ

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ደሴ ውስጥ ሰላምታ በአንድ ጥያቄ ረዝሞ ነበር። ድሮም አጭር አልነበረም። «እንዴት አደራችሁ? ልጆቹ ደህና? ሰውየው ደህና? ጎረቤቱ ደህና?» ከተባለ በኋላ፣ ልክ እግር ሊነሳ ሲል፣ «ቡቃያውስ እንዴት አደረ?» ይባላል። ቡቃያ የሌለው ቤት እንኳ ይጠየቃል፤ አለመጠየቅ ነውር ነዋ።

ቡቃያ ያላቸው ቤቶች ልጃቸው አፉን ያልፈታ፣ ወይ ቁጭ ማለት ያልሆነለት፣ ወይ ፊደል የሚገለባበጥበት ቤቶች ናቸው። ከልጁ ክንድ ከምስር ያነሰች ቆዳ ትወሰዳለች። ቆዳዋ ወደ ግንደ ሕዋስነት ትመለሳለች፤ ከዚያም የልጁ አንጎል ገና ሲጀመር እንደነበረው ያለች፣ ሽምብራ የምታህል አንጎል ብርጭቆ ውስጥ ትበቅላለች። ሐኪሞቹ ልጁን ከሚነካኩ እሷን ይነካካሉ። እሷ ላይ የሠራ መድኃኒት ለልጁ ይሰጣል። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ደሴ ውስጥ አራት ቢሆን ነው፣ እነሱም አያብራሩም።

ሕዝቡ በበኩሉ ተላምዶታል። የሸዋ በር እድር ቡቃያ ሲሞት ድንኳን ይጣል አይጣል በሚል ሦስት እሑድ ተከራክሮ፣ «ድንኳን አይጣልም፤ ሰው ግን ደጅ ድረስ ሄዶ ያጽናናል» ብሎ ወስኗል።

ጦይባ ይማም የቡቃያው ጥያቄ ከማንም በላይ ይደርሳታል፤ ሥራዋ ሰው መሀል ነው። ከሸዋ በር ጦሳ ተራራ ጫፍ ድረስ በሚወጣው የገመድ ታክሲ ላይ ረዳት ናት። ታክሲው ሹፌር የለውም፤ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል፣ ራሱ ይሄዳል። ሲጀመር ረዳትም አልነበረውም፤ ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ወረደ። የደሴ ሰው ካልጠሩት አይሳፈርማ! ጦይባና መሰሎቿ ተቀጥረው «ጦሳ፣ ጦሳ፣ ጦሳ! አንድ ሰው! የሞላ ነው!» ማለት ሲጀምሩ ነው ካቢኖቹ የሞሉት። «አንድ ሰው» የሚባለው ታዲያ ካቢኑ ባዶም ቢሆን ነው። ጦይባ ስትጣራ ድምጿ አዝዋ ገደል ድረስ ይሰማል፤ ተራ በማስከበር ደግሞ የሚያህላት የለም። ሽማግሌ ይሁን ባለሥልጣን፣ «ተራ! ተራ ይከበር!» ብላ ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች።

«ቡቃያዋስ እንዴት አደረች?» ይሏታል ተሳፋሪዎቹ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ትላለች፤ በጠየቋት ቁጥር ግን ፊቷን ወደ ካቢኑ በር ታዞራለች። በልጇ በሩቅያ ስም ብርጭቆ ውስጥ የምታድገው ቡቃያ የሩቅያ አይደለችም። ይህን በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የሆነው ሩቅያ ሁለት ዓመት ተኩል ሳለች ነው። ያኔ ቆዳው የሚወሰደው በየቤቱ ነበር። የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ትላካለች፤ ሳጥኗን የልጁ ክንድ ላይ መጫን፣ «ጠቅ» ስትል ማንሳት፣ ለቀበሌ መመለስ። በቃ። ሩቅያ ግን ማበጠሪያ ስታይ የምትጮህ፣ የልብስ ስፌት የሚቆረቁራት፣ ሰው ሲነካት ትንፋሿ የሚያጥር ልጅ ነበረች። ጦይባ ሳጥኗን ይዛ ከተኛችው ልጇ አጠገብ ቆመች። አስጠጋች፤ መለሰች። አስጠጋች፤ መለሰች። በመጨረሻ «በእኔ ይሁን» አለችና የገዛ ክንዷ ላይ ተጫነችው።

እናት ሁሉ የምትለውን ነው ያለችው። ልጇ ሲታመም «በእኔ ያድርገው» የማትል እናት የት አለች? ልዩነቱ ጦይባ ማለት ብቻ ሳይሆን ማድረጓ ነው። ደግሞ አስባበታለች፣ በራሷ አስተሳሰብ። ከሥጋዬ የወጣች፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ ናት፤ ከእኔ ወሰዱ ከእሷ ወሰዱ ምን ለየው? ከአንድ ድስት ሁለት ጭልፋ ነው፣ አለች። ሳጥኗን መለሰች፤ ማንም አልነቃም። እናትም ልጅም ሴት ናቸው፤ ቆዳ ደግሞ ወደ ግንደ ሕዋስ ሲመለስ ዕድሜው ይፋቃል። የሠላሳ ዓመት ሴትና የሁለት ዓመት ሕፃን ብርጭቆ ውስጥ እኩያ ሆነው ነው የሚጀምሩት። ድስቱ አንድ እንዳልሆነ የገባት ዘግይታ፣ ብርጭቆዎቹ በሚቀመጡበት ቡቃያ ቤት ሰው ሲያወራ ሰምታ ነው። ያኔ ደግሞ በየትኛው አፏ ትናገር? ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል ሰባት ዓመት ሞላ።

ሰኞ ዕለት መልእክት መጣ። «የሩቅያ ሙሐመድ ቡቃያ ውጤት ሰጥታለች። ለእሷ የሚስማማ ጠብታ ተገኝቷል። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ልጅቷን ይዘው ይቅረቡ።»

ባሏ ሙሄ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመርፌው ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር ብዙ አያወራም። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበና ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ለዚያች ብርጭቆ ዱዓ ሲያደርግ ነው የኖረው። ጎረቤታቸው እትዬ ሽታዬ ድፎ ዳቦ ተሸክመው እልል እያሉ ገቡ፤ ከኋላቸው መንደሩ ገባ። ጦይባ እልልታው መሀል ቆማ ጉንጯ እስኪያማት ፈገግ አለች። ሩቅያ ጫጫታውን ሸሽታ አልጋ ሥር ገባች።

ጦይባ ፈራች። ካልተናገረች ለሌላ ሰው አንጎል የተቀመመ መድኃኒት ልጇ አፍ ውስጥ ሊገባ ነው። ከተናገረች ደግሞ ሩቅያ እንደገና መድኃኒት ከሚጠብቁት ልጆች ሰልፍ ጭራ ልትጀምር ነው፤ የሙሄንም ዓይን ማየት አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ታውቃለች። አፏ ነው እምቢ ያላት።

ማክሰኞ ጠዋት ቆረጠች። «ሙሄ» አለች።

«አቤት።»

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። ሳትቆጣ…»

ወተቱ ገነፈለ። ሮጠች። ከምድጃው ስታነሳ በመስኮቱ ዝናብ ሲያካፋ አየች፤ የታጠበ ልብስ ውጭ ተሰጥቷል። ልብሱን ስትሰበስብ ከአንዱ ኪስ ውስጥ ከረመዳን ጀምሮ ስትፈልገው የኖረችው ቁልፍ ወደቀ። «ተገኘ! ያረቢ ተገኘ!» ብላ ጨፈረች፤ በደስታዋ ቁልፉን ይዛ ወደ ሥራ ወጣች። ለሙሄ የጀመረችውን ወሬ ያስታወሰችው ጦሳ አጋማሽ ላይ፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ነው፤ ያውም በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ሸራ ጫማ አድርጋ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ቡቃያ ቤት ሄደች፤ ለዶክተሯ ልትናገር። በሩ ላይ እንደ ወትሮው ሰሌዳው አለ፦ «ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። እልልታ ክልክል ነው። ቡቃያ ፊት መጣላት ክልክል ነው።» ሦስተኛው የተጨመረው ሁለት አማቾች ቡቃያዋ በማን ወጣች ተባብለው ከተያያዙ ወዲህ ነው።

«ዶክተር ትርሲት ኮምቦልቻ ወርዳለች፤ ነገ ነው የምታገኚያት» አሉ ዘበኛው ጋሽ አሊጋዝ። «ግቢ ግን፣ ልጅሽን ሰላም በያት።»

ጋሽ አሊጋዝ ጠዋት ጠዋት በአራት መቶ ብርጭቆ መሀል እየዞሩ ሁሉንም በስማቸው እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ ይላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። «ሰው ናቸው አላልኩም፤ ግን የሰው ናቸው» ነው የሚሉት። የቡቃያዋ ድምፅ የሚሰማበትን የማድመጫ ገመድ ለጦይባ አቀበሏት።

«ሌሎቹ ጠብ ጠብ ነው የሚሉት፣ ዝናብ ሲጀምር እንዳለው» አሉ። «ይቺ ያንቺዋ ግን! አንዱን ትጀምራለች፣ ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፣ እሱን ጥላ ወደ ፊተኛው ትመለሳለች። በር ስከፍት ትዞራለች ብዬ እምላለሁ። ወላሂ፣ እዚህ ቤት ካሉት ሁሉ የምታስቀኝ እሷ ናት።»

ጦይባ አደመጠች። ውስጡ ግርግር ነው። ገበያ መሀል የቆመች መሰላት፤ የምታውቀው ገበያ።

«ያማታል እንዴ?» አለች።

«ኧረ ምኑ! ደስተኛ ናት። ብቻ እንዴት እንደምታርፍ አታውቅም» አሉና ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ሩቅያ ግን ረጋ ያለች ልጅ ናት። ገርሞኝ አያውቅም ብልሽ ውሸት ነው።»

ጦይባ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ «መሸብኝ» ብላ ወጣች፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሻርፗን እዚያው ረስታዋለች።

ሐሙስ ደረሰ። ዶክተር ትርሲት ስትደሰት ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሴት ናት፤ ያን ቀን ደግሞ ቃል በቃል ላይ ይወድቅባት ነበር። ሙሄ አዲስ የሰፋውን ኮት ለብሷል። ሩቅያ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ወለሉን ታያለች። ዘጠኝ ዓመት ተኩሏ ነው። የምትናገረው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከእናቷ ጋር ካቢን ውስጥ ተቀምጣ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች፤ ሃያ አራቱን ካቢኖች በድምፃቸው ትለያቸዋለች።

«ልንገራችሁ ስለ ልጃችሁ» አለች ዶክተሯ የቡቃያዋን መዝገብ ገልጣ። «ስለ እንደዚህ ያሉ ልጆች ትኩረት የላቸውም ይባላል። ስህተት ነው። ትኩረትማ ሞልቷታል! ሁሉም በር በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈትላት፤ የሚዘጋላት ነው የጠፋው። ዕቃ ትጥላለች። የጀመረችውን ትረሳለች። ሰው ሲናገር ታቋርጣለች። ትምህርት ቤት ቀልበ ቢስ ይሏታል፣ ይመቷታልም። በመጨረሻ እሷም ታምናቸዋለች፤ ሰነፍ ነኝ፣ ክፉ ነኝ ትላለች። አይደለችም። ገና ሽምብራ ሳታህል ጀምሮ እንዲህ ነበረች። ያጠፋችው ምንም ነገር የለም።»

ጦይባን አራተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ በደሴ ብርድ በአንድ እግሯ ውጭ አቁሟታል። እናቷ ነፍሷን ይማርና «አንቺ ልጅ፣ ቀልብሽን የት ጣልሽው?» ትላት ነበር፤ ትንሽ ስለነበረች የምር የሚጣል ነገር መስሏት አልጋ ሥር ገብታ ፈልጋለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሳያይባት ስታፍር ኖራለች። ያጠፋችው ምንም ነገር የለም ያላት ሰው እስከዛሬ አልነበረም፤ ያችም ሴት የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው መስሏት ነው።

ሙሄ ሳቀ። «ይቅርታ ዶክተር፤ ይሄማ እኮ ጦይባ ናት» አለ ለቀልድ።

«መቶ አርባ አራት» አለች ሩቅያ።

«ምን አለች?» ዶክተሯ ቀና አለች።

«የወለሉን ንጣፍ ቆጥራ ነው» አለ ሙሄ።

እስካሁን ከልጅቷ ይልቅ ብርጭቆዋን ስታይ የኖረችው ዶክተር ትርሲት ልጅቷን አየቻት። ሩብ ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀችም። ከዚያ መዝገቡን አየች፤ እንደገና ልጅቷን። ግንባሯ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ግን ሰባት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነበርና ተወችው። ብልቃጧን ከፈተች። «ምላስሽ ሥር ሁለት ጠብታ ብቻ፣ ሩቅዬ።»

«አይሆንም!»

ጦይባ ናት፤ ሸዋ በር ላይ እንደምትጣራው አድርጋ ነው የጮኸችው። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ጋሽ አሊጋዝ በሩን ከፍተው ገቡ። ጦይባ ብልቃጧን ከዶክተሯ እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«የእሷ አይደለም። የኔ ነው። ክንዱ የኔ ነበር» አለች። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክንዷ ላይ ምስር የምታህል ጠባሳ አለች። «ፈራሁላት። በእኔ ይሁን ብዬ ነው። ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያቺ ልጅ።»

ከሁሉ ቀድመው የተነፈሱት ጋሽ አሊጋዝ ናቸው። «እኔስ ሰባት ዓመት ሙሉ ምኗ ነው እንዲህ የሚያስቀኝ እያልኩ!» አሉ።

ዶክተር ትርሲት አልሳቀችም። ተቀመጠች። «ወይዘሮ ጦይባ፣ ሰባት ዓመት እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ቅዳሜና እሑድ የሠራሁት ይቅር። ልጅቷ ሰባት ዓመት ወረፋ የያዘች መስሏት ቆማለች፤ ሰልፉ ላይ ግን አልነበረችም። ተራዋን እርስዎ ወስደውባታል።»

ስንቱን ሽማግሌ በተራ ያቆመች ሴት የገዛ ልጇን ቀድማ ገብታለች። ለሠላሳ ሰባት ዓመቷ ታለቅስ ወይስ ለሩቅያ ሰባት ዓመት ጠፋት፤ ስለዚህ ለሁለቱም አለቀሰች።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ጁምዓ ዱዓ ያደረግኩት ላንቺ ነው በያ» አለ ሙሄ።

«ለእኔ ነው።»

«አላህ አልሰማኝም እል ነበር። ይኸው ሰምቶ ኖሯል፤ መድኃኒትሽ ተገኘ።» ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። «ልጄስ? ልጄስ፣ ጦይባ?»

«ዛሬ እንጀምራለን» አለች ዶክተሯ። «እስክትበቅል ስምንት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እንደ ሰው ሁሉ እንጠብቃለን። አቋራጭ የለም።» ከመሳቢያዋ ሳጥን አወጣች። ያችው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ናት፤ ምንም አልተለወጠችም። ሩቅያ አየቻት፤ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ።

የጦይባ እጅ ሳታዘው ወደ ሳጥኗ ሄደ።

«ወይዘሮ ጦይባ!» ጮኸች ዶክተር ትርሲት።

«ልያዝላት ብዬ ነው! ወላሂ ልያዝላት ብዬ ነው!»

ሩቅያ ከወንበሯ ተነሳች። እጅጌዋን አጠፈችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል። መጥታ ከእናቷና ከሳጥኗ መሀል ገባች። ማንንም አትነካም የተባለችው ልጅ የእናቷን እጅ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ጎን መለሰችው፤ እናቷ ሸዋ በር ላይ ሰው እንደምትመልሰው።

«ተራዬ ነው» አለች።

ሳጥኗን ራሷ ክንዷ ላይ ተጫነችው። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ጠቅ። አልጮኸችም። አየሩን በአፏ አስወጣችና እናቷን አየቻት፤ እናቷ ግን ፊቷን በሻርፗ ልትሸፍን ፈልጋ ሻርፗን አጣችው። ጋሽ አሊጋዝ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። «አብሽሪ» አሏት።

ያን ቀን ጋሽ አሊጋዝ ከብርጭቆው ላይ የድሮውን ስም ፍቀው «ጦይባ ይማም» ብለው ጻፉ፤ ከጎኑ ለሚመጣው የሩቅያ ብርጭቆ ባዶ ቦታ አበጁ። ሙሄ አንድ ሳምንት ያህል ከመርፌው ጋር ብቻ አወራ። በሁለተኛው ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ለጦይባ አዲስ ሻርፕ ሰፍቶ አመጣላት፤ ጫፉ ላይ እንዳይጠፋ መንጠልጠያ አለው። እትዬ ሽታዬ ጉዳዩን ሲሰሙ «ታዲያ ዳቦው ያንቺ ነበራ!» ብለው ሌላ ዳቦ ጋገሩ፣ ለሩቅያ።

ተሳፋሪው አሁንም ይጠይቃል። «ቡቃያዋስ እንዴት አደረች?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው» ትላለች ጦይባ፤ ፊቷንም አታዞርም። «ጦሳ፣ ጦሳ! አንድ ሰው!»

ብልቃጧንም ሰጥተዋታል፤ የተቀመመችው ለእሷ ነውና። «ይሄን ከጠጣሁ መጣራት ያቅተኛል?» ብላ ዶክተሯን ጠይቃ ነበር። «ይጣራሉ፤ ጫማዎን ግን አይረሱም» ተባለች። ሦስት ቀን አሰበችበት። በአራተኛው፣ እሑድ ጠዋት፣ ልትሞክረው ወሰነችና እንዳትጠፋ ደህና ቦታ ያኖረቻትን ብልቃጥ ልታመጣ ተነሳች። የትኛው ደህና ቦታ እንደነበረ ግን ጠፋት። ቁምሳጥኑን ገለበጠች፣ ዱቄቱ ውስጥ ገባች፣ የሙሄን ኮት ኪስ ፈተሸች። ወላሂ እዚሁ ነበር፣ እዚሁ!

«አሥራ ሰባት ቁጥር ካቢን» አለች ሩቅያ ከደብተሯ ቀና ሳትል። «ወንበር ሥር።»

ጦይባ የልጇን አናት ሳትነካ አየር ላይ ሳመችና ሮጣ ወጣች። መንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ እግሯን ቀዘቀዛት፤ ዞር ስትል ሩቅያ ሌላኛውን ጫማ ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር።